ናቅፋ የመጣ ሰሞን፦ አሰብ፣ ጨውና የላስታ ገበያ

በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢጋድ መውጣቷን ስታስታውቅ የማኅበራዊ ሚዲያው ሰው ጥቂት ቀን ተከራክሮ ተወው። አይፈረድበትም። ኢጋድ የስብሰባ ቤት እንጂ ገበያ አይደለም። ኤርትራ በ1999 አባልነቷን አቋርጣ፣ በ2015 ተመልሳ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ እንደገና ስትወጣ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ላይ የአንድ ጣሳ ጨው ዋጋ በዚህ ምክንያት አልተነቃነቀም።

የጨውን መንገድ የቀየረው መውጣት ሌላ ነው። እሱ የሆነው ከዚህ 28 ዓመት በፊት፣ ጥቅምት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ የሚባለውን የራሷን ገንዘብ ያወጣች ዕለት ነው። ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚወራው ባድመ ነው፤ የሞተው ሰው ቁጥር፣ የአልጀርሱ ፊርማ፣ የወደብ ቁጭት። ከጦርነቱ በፊት ስለነበሩት ስድስት ወራት፣ ነጋዴው ምን እንደሰጋ፣ ወዛደሩ ምን እንዳጣ፣ ባልትና ውስጥ ምን እንደጎደለ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

እስኪ ከሥሩ እንየው።

ኤርትራ በግንቦት 1983 በሻዕቢያ እጅ ከገባች በኋላ፣ በሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ በግንቦት 16 ነፃ አገር ሆነች። ባንዲራው ተለየ፣ ፓስፖርቱ ተለየ። ብሩ ግን አንድ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት ሁለቱ መንግሥታት በተፈራረሙት ስምምነት አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ ሆኑ፤ በመካከላቸው ያለውም ንግድ ነፃ እንዲሆን ተስማሙ። አስመራ የሚበላው ጤፍ በብር ይገዛል፤ አዲስ አበባ የሚገባው የአስመራ ጫማ፣ ቢራና ጨርቅ በብር ይሸጣል። ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ሁለት ሦስተኛ ገደማው የሚሄደው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ኢትዮጵያም አብዛኛውን የገቢ ዕቃዋን የምታስገባው በአሰብ ነበር። ስም ያልወጣለት የጋራ ገበያ ነው። ፓርላማ የለው፣ ጽሕፈት ቤት የለው፣ ዳኛ የለው። ሁለት የትግል ጓዶች ስለተማመኑ ብቻ የቆመ ገበያ።

ላስታ ከዚህ ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከቀይ ባሕር በአፋር በረሃና በወሎ ገደላ ገደል የተለየች ከተማ ናት። ነገር ግን የደጋ ሰው ሁሉን ከጓሮው ሲያገኝ አንድ ነገር አያገኝም፤ ጨው። ገብሱን ያመርታል፣ ባቄላውን ያመርታል፣ ማሩን ይቆርጣል፣ በጉን ያረባል። ጨው ግን ከታች ነው የሚመጣው። የላስታና የባሕር ዳርቻው ዝምድና ከየትኛውም መንግሥት የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከፖርቹጋል ልዑካን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፣ ብጽፈው የሚያምነኝ የለም ብሎ የሠጋ ሰው ነው። ይኸው ሰው ስለ ጨው የጻፈው ከዚያ ያነሰ አያስገርምም። የጨው ጡብ በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከሚቆረጥበት ቦታ እየራቁ በሄዱ ቁጥር በአንድ መጠን ወርቅ የሚገኘው ጡብ እያነሰ፣ ዋጋው እየወደደ እንደሚሄድ መዝግቧል። ያ ጡብ አሞሌ ነው። ከአርሆ የጨው ሜዳ በግመል ይወጣል፣ ደጋው ጫፍ ላይ በበቅሎና በአህያ ይገለበጣል፣ ሰቆጣ ገበያ ደርሶ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይበተናል። የዋግና የላስታ ሹማምንት ከመንገዱ ቀረጥ ይበሉ ነበር። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ሳንቲም ያገለገለው ይኸው አሞሌ ነው። ገንዘቡን መላስ የሚችል ሕዝብ ነበር፤ የዋጋ ግሽበት ቢመጣ እንኳ ለወጥ ይሆናል።

በኋላ የባሕር ጨው መጣ። አሰብና ምጽዋ ላይ የባሕሩን ውኃ በፀሐይ እያደረቁ የሚያመርቱ ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ነጩ ደቃቅ ጨው በጆንያ ሆኖ በመኪና መጣ። መንገዱም ታሪክ አለው። በ1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣሊያን የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነፃ ቀጣና እንድታገኝ፣ ከአሰብ እስከ ደሴም የመኪና መንገድ እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። ወዳጅነቱ ስምንት ዓመት ሳይሞላው በመርዝ ጋዝ አለቀ፤ መንገዱን ጣሊያን የሠራው በወረራው ዘመን፣ ለራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ወሎ ከባሕር ጋር የተያያዘው በዚህ መንገድ ነው፤ አሰብ፣ ቡሬ፣ ማንዳ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ። ከዚያ ወልድያ። ከወልድያ በድልብ ዳገት ወጥቶ ጋሸና፤ ከጋሸና ላሊበላ።

በዚህ መንገድ ጨው ብቻ አይደለም የወጣው። ላምባ ጋዝ፣ ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮ፣ ስኳር፣ ከሁሉም በላይ የ1977ቱ የእርዳታ ስንዴ። ኮረም ላይ፣ ወልድያ ላይ፣ ላሊበላ ላይ በዚያ ዓመት የተረፈ ሰው የተረፈበትን እህል አብዛኛውን ጊዜ ያራገፉት የአሰብ ወዛደሮች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። አሰብ ከኤርትራ ከተሞች ሁሉ ይልቅ አማርኛ የሚሰማባት ከተማ የነበረችው በዚህ ምክንያት ነው። ድርቅ ሲመታው ወደ ወደብ ወርዶ ሸክም ተሸክሞ፣ ለመስቀል ወይም ለገና ብር ቋጥሮ የሚመለስ፣ ካልሆነለትም በሰው የሚልክ ገበሬ በወሎ ውስጥ እንግዳ አልነበረም። በ1983 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከኤርትራ ሲባረሩ ይህ ገመድ ክፉኛ ሳሳ። ግን አልተበጠሰም፤ ወደቡ ሥራ ላይ ነበር፣ ደመወዙም በብር ነው።

ወደ ናቅፋ እንመለስ።

ኤርትራ የራሷን ገንዘብ መፈለጓ በራሱ ጥፋት አልነበረም። በብር የምትጠቀም አገር የብሩን ነገር የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ባንክ ነው። ወለድ ሲጨመር ሲቀነስ፣ ብር ሲረክስ፣ አስመራ ወንበር የላትም። በሌላ በኩል የኢትዮጵያም ቅሬታ ውሸት አልነበረም። በብር የተገዛ የኢትዮጵያ ቡና በኤርትራ በኩል ተሽጦ ዶላሩ እዚያ ይቀራል የሚል ስሞታ ነበር፤ ጤፍ ወደ ሰሜን እየተጫነ ዋጋው ናረ የሚል የከተማ ምሬትም ነበር። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ነበረው። ክፋቱ እውነታቸውን የሚያስታርቅ ተቋም አለመኖሩ ላይ ነው።

ኤርትራ ያሰበችው ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እየተመነዘሩ፣ በሁለቱም አገር እንዲሠራባቸው ነው። ኢትዮጵያ እምቢ አለች። ሁለት አገር ከሆንን እንደ ሁለት አገር እንነግድ፤ ትልቁ ንግድ በዶላር፣ በባንክ፣ በኤልሲ ይሁን አለች። ለድንበር አካባቢ ነዋሪ ብቻ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ጥቃቅን ንግድ ተፈቀደ። 2,000 ብር በዚያን ጊዜም ቢሆን አንድ የጭነት መኪና እህል ለመሙላት የሚበቃ ገንዘብ አይደለም። ከዛላምበሳ አልፎ አስመራ ጤፍ የሚያደርስ ነጋዴ ኤልሲ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም። ሊሰማም አይገባውም ነበር፤ በአንድ ብር ሲነግድ የኖረ ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ሌላም ነገር አደረገች። የብር ኖቱን ቀየረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኤርትራ ውስጥ ተሰብስቦ የቀረው አሮጌ ብር ተመልሶ መጥቶ ዕቃ እንዳይጠርግ። እንደ ገንዘብ ፖሊሲ ካየነው ብልህ እርምጃ ነበር፤ አስመራ ግን እንደ ጥፊ ነው የቆጠረችው። ዳሩ ግን ኖት ሲቀየር የሚለወጠው የጎረቤት ብር ብቻ አይደለም። በአምባው ላይ፣ በጎታው ሥር፣ በማሰሮ ውስጥ፣ በመቀነት ጫፍ የተቋጠረው ሁሉ ነው። ገበሬ ብር ባንክ አያስቀምጥም ነበር። በሬ ሽጦ ለልጁ ሠርግ ያስቀመጠ፣ ለተዝካር ያጠራቀመች፣ ሁሉም አሮጌውን ይዞ ባንክ ወዳለበት ከተማ መውረድ ነበረበት። ጊዜው ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ሰብል የሚታጨድበት፣ አንድ ቀን ከማሳ መራቅ የሚቆጭበት ወቅት። (በ2013 መስከረም ብሩ እንደገና ሲቀየርና ባለ 200ው ሲመጣ ያው ወረፋ ተደግሟል፤ ያኔ ግን ብዙ ሰው ቢያንስ ሬዲዮና ስልክ ነበረው።)

ኖት በተቀየረ ቁጥር የሚጠቀም ሰውም አይጠፋም። አሮጌውን ብር በቅናሽ እየሰበሰበ ራሱ ባንክ የሚወስድ ብልጥ በየከተማው አለ። ርቀት ገንዘብ ያስከፍላል፤ በአልቫሬዝ ዘመን ጨው ላይ የተከፈለው ነገር በኛ ዘመን ወረቀት ላይ ተከፈለ።

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የነበሩት ወራት የዝምታ ወራት ናቸው። ንግዱ ቀዘቀዘ። በድንበር ገበያዎች ኬላ ጠበቀ፣ ዕቃ ተወረሰ፣ ነጋዴ ተካሰሰ። ለኢትዮጵያና ለኤርትራ የጋራ የነበረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሥራ አቁሞ ነበር። የመሪዎቹ የደብዳቤ ልውውጥ ግን ስለ ባዳና ስለ ባድመ ነበር። ጦርነቱ የመጣው በገንዘብ ጠብ ምክንያት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ማጋነን ነው። ገንዘቡ ባይለይም የድንበሩ ጥያቄ ነበር፤ የሁለቱ ግንባሮች የድሮ ቂምም ነበር። ነገር ግን በየሳምንቱ የሚገናኙ፣ የሚበዳደሩ፣ የሚካፈሉ ሰዎች ቁጥር በእነዚያ ስድስት ወራት መቀነሱ እርቅ የሚፈልገውን ሰው ቁጥርም መቀነሱ አልቀረም።

ግንቦት 4 ቀን 1990 ባድመ ተያዘች። በዚያው ወር ኢትዮጵያ አሰብን መጠቀም አቆመች። መርከቦች ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ዲቾቶ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በማንዳና በቡሬ ወደ አሰብ፣ ሌላኛው በጋላፊ ወደ ጅቡቲ። ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። ለአገሪቱ ካርታ የዚያን ጊዜ የተደረገው ይኸው ነው።

አሰብ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ ፈት ሆነች። ክሬኑ ቆመ፣ ወዛደሩ ተበተነ። በሥራ አጥነትም፣ በማስፈራራትም፣ በግድም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከኤርትራ ወጥተው ተመለሱ፤ ከእነሱ ውስጥ አሰብ ተወልደው ወሎን በወላጆቻቸው ወሬ ብቻ የሚያውቁ ነበሩ። ኢትዮጵያም በበኩሏ ከ70 ሺህ በላይ የኤርትራ ተወላጆችን አባረረች፤ ሱቃቸውን ቆልፈው፣ መኪናቸውን አቁመው፣ አንዳንዱ ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ የሄደ ነው። ይህን ጉዳይ ዛሬም በሁለቱም በኩል ስሙን ጠርቶ የሚያወራው ጥቂት ሰው ብቻ መሆኑ ያሳፍራል።

ወደቡ ላይ የቀረ ንብረትም ነበር። አሰብና ምጽዋ መጋዘን ውስጥ ሳለ ጦርነቱ የደረሰበት የኢትዮጵያ ዕቃ ጉዳይ በኋላ ለይገባኛል ኮሚሽኑ ቀረበ። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 የኢትዮጵያን ክስ ውድቅ አደረገው። ዕቃውም ገንዘቡም አልተመለሰም።

ከዚያ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ድርቅ መጣ። በ1991 የበልጉ ዝናብ ሲቀር ሰሜን ወሎ ክፉኛ ተመታ። ደጋማው ላስታና ዋድላ ደላንታ ከበልግ ጋር ያለው ነገር የታወቀ ነው፤ በልግ ከቀረ ዓመቱ ቀረ። በ1992 ረሃቡ በአገር ደረጃ ሲበረታ ኤርትራ አሰብ ለእርዳታ እህል ይከፈት አለች፤ ኢትዮጵያ አልፈልግም፣ ጅቡቲ ይበቃኛል አለች። ወታደር ለወታደር በሚተኳኮስበት ሰዓት የኤርትራ ግብዣ ፖለቲካ ነበረበት፤ የኢትዮጵያ እምቢታም ኩራት ነበረበት። ኮምቦልቻ የለመደችው ወደብ ግን አሰብ ነበር። 15 ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው መንገድ በመጣ ስንዴ የተረፈ ሰው በዚህኛው ክርክር ላይ ሐሳቡን የጠየቀው የለም።

አሁን ወደ ጨው።

አሰብና ምጽዋ ሲዘጉ ኢትዮጵያ ጨው አልባ ሆና አልቀረችም። አፋር ውስጥ አፍዴራ ሐይቅ ላይ በጥድፊያ ምርት ተጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ ዋና የጨው ምንጭ ሆነ። እንደ ሥራ ፈጠራ ካየነው ከጦርነቱ ከተገኙት ጥቂት መልካም ነገሮች አንዱ ነው። በጆንያ ተሞልቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ላሊበላ ገበያ ደረሰ። ቀለሙ ነጭ ነው፣ ጣዕሙ ጨው ነው። ማንም ልዩነቱን አላስተዋለም።

ልዩነቱ ግን ነበር። በ1980ዎቹ ከባሕር ዳርቻው የሚመጣው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። የአፍዴራው ጨው እንዲሁ ነበር የሚሸጠው። አዮዲን አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። በዝናብና በጎርፍ ለዘመናት የታጠበ ተራራማ አፈር አዮዲን ያንሰዋል፤ በዚያ አፈር ላይ የበቀለው ገብስም፣ ያንን የበላው በግም ያንሳቸዋል። የላስታ ዓይነት አገር ሰው አዮዲን ካላገኘ አንገቱ ላይ እንቅርት ይወጣል። እንቅርቱ የሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው የከፋ ነው፤ አዮዲን ያነሳት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮው በሚገባው ልክ ላያድግ ይችላል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፣ አባቱ እረኝነት ይሻለዋል ይላል፣ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል።

በ2003 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከኢትዮጵያ ቤቶች በ15 በመቶው ብቻ ነው። ናቅፋ ከመጣ 13 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ወጣ። ማለትም መፍትሔው ከባድ አልነበረም፤ ጥቂት ማሽን፣ ጥቂት ኬሚካል፣ አንድ ደንብ ነው። ግን ደንቡ እስኪወጣ በመካከሉ የተወለደ ልጅ አለ። በ1991 የተወለደ ዛሬ 27 ዓመት ሞልቶታል። ባድመ የሞተው ወታደር ተቆጥሯል፤ ይህኛው አልተቆጠረም፤ ሊቆጠርም አይችልም።

ለነገሩ ጥፋቱን ሁሉ ለናቅፋ መስጠት ልክ አይሆንም። አዮዲን በአፍዴራም ሊጨመር ይችል ነበር፤ 13 ዓመት የፈጀው የኛው ቸልታ ነው። ሆኖም አንድ ገበያ ሲፈርስ ከዕቃው ጋር ተያይዞ የሚመጣው ጥበቃም እንደሚፈርስ የሚያስብ ሰው በሁለቱም ዋና ከተማ ጠፍቶ ነበር። ተደራዳሪዎቹ የቆጠሩት ቡናውን፣ ነዳጁን፣ ዶላሩን ነው። ጨው ማን ይቆጥራል?

በ2010 ሐምሌ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ሄደው፣ በ2011 የእንቁጣጣሽ ዕለት ቡሬና ዛላምበሳ ሲከፈቱ ብዙ ሰው አለቀሰ። በሳምንት ውስጥ ገበያው በራሱ ጊዜ ተነሣ። ከዚህ ጤፍና ሲሚንቶ ወጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሸማች በመኪና መጣ። ብርና ናቅፋም በእጅ ይመነዘር ጀመር፤ ተመኑን ያወጣው ነጋዴው ነው። ባንክ አልነበረም፣ የጉምሩክ ሥርዓት አልነበረም፣ በአደባባይ የወጣ የንግድ ውል አልነበረም። በ1985 የነበረው ጉድለት ቃል በቃል ተደገመ ማለት ይቻላል። ዛላምበሳ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ቡሬም በ2011 ሚያዝያ። ለምን እንደተዘጋ ለነጋዴው የነገረው የለም። ጤፍ ጭኖ መንገድ ላይ የነበረ መኪናውን አዙሮ ተመለሰ።

ዛሬ ስለ አሰብ ብዙ ይወራል። የባሕር በር፣ ታሪካዊ መብት፣ ቀይ ባሕር። በየቴሌግራሙ ጄኔራል የሆነ ሰው አይጠፋም። ላሊበላ ግን ጦርነት ምን እንደሆነ ለማወቅ ቴሌግራም አያስፈልጋትም፤ ከ2013 ሐምሌ ጀምሮ ለወራት ተይዛ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶባት፣ ባንክ ተዘግቶባት፣ ጎብኚ ርቋት ያየች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የኖረው። ጋሸና ላይ መኪና ከቆመ ላሊበላ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ምን እንደሆነ ባለሱቆቹ በቅደም ተከተል ያውቁታል።

ቅዳሜ ገበያው በቆመ ቁጥር ጨው ሻጮቹ ይሰለፋሉ። የጆንያው አፍ ተጠቅልሎ ተከፍቷል፤ ፀሐይ ይመታዋል፣ አዮዲኑም በዚያው ልክ ይተናል። በጣሳ ይሰፈራል። ጥግ ላይ አሞሌ የሚሸጥም አይጠፋም፤ ገዢው አሁን በአብዛኛው ለከብት ነው የሚወስደው። ደቃቁ ጨው በመኪና የመጣው ከአፍዴራ፣ በሚሌ አድርጎ፣ ያንኑ የአሰብ መንገድ ግማሹን ተከትሎ ነው።